ያልተከፈቱት አስር እሽጎች

አስካለች በዚያ ጠዋት ከሥራ ጋዋኗም ከልጇ ዩኒፎርምም በፊት የተኮሰችው የወንድሟን የቁስል ጨርቅ ነበር። ከመዳፍ ብዙም የማይሰፋ ነጭ ጨርቅ ነው። በዋዜማው በበረኪና ዘፍዝፋ፣ ለእሱ ብቻ በለየቻት ትንሽ ድስት ሃያ ደቂቃ ቀቅላ፣ ማንም እንዳይነካው ከሌላው ልብስ ነጥላ በሽቦው ጫፍ ላይ አስጥታው ነበር። አሁን በንጹሕ ፎጣ ላይ ዘርግታ የከሰል ካውያውን ቀስ አድርጋ ታስኬድበታለች። ከአምስት ሳምንት በፊት ከእሽጉ ሲወጣ የነበረው፣ ጤዛ የነካው የሚመስል ልስላሴ ከላዩ ከጠፋ ቆይቷል፤ አሁን ታጥቦ ታጥቦ ከሳሳ የነጠላ ቁራጭ አይለይም። እሷ ይህን እንደ ጉድለት አላየችውም። የሚታጠብ ነገር ይሳሳል፤ ዋናው ንጹሕ መሆኑ ነው።

«ዛሬም ተኮስሽው?» አለ ጩማ ከአልጋው ላይ ሆኖ።

«ዛሬማ ዶክተሩ ያየዋል፣ እሻ። ተጨማዶ ይሂድ?»

«ጨርቁስ ተተኩሶ ይሄዳል። እኔን ማን ይተኩሰኝ? ሸሚዜን እዪው እስቲ።»

የሚያወሩት በወላይትኛ ነው። እሷ እሻ ትለዋለች፣ ወንድሜ ማለቷ ነው፤ እሱም ሚቼ ይላታል፣ እህቴ ለማለት። ጩማ ታላቋ ነው። አባታቸው ሲሞት በትውልድ መንደራቸው ጉኑኖ ተዳፋቱ ላይ ያለችውን መሬት ተረክቦ፣ ዝንጅብል እየሸጠ እሷን እስከ አስረኛ ክፍል ያስተማራት እሱ ነው። ዝንጅብሉን በሽታ ከመታው ወዲህ እንሰትና ቦይና የሚሉት ጎደሬ ብቻ ቀርተውታል። ስኳር እንዳለበት ከታወቀ አራት ዓመቱ ነው፤ ክኒኑን ሲያገኝ ይውጣል፣ ሲያጣ ይተዋል። ክረምት ላይ የላስቲክ ጫማው ውስጥ ጠጠር ገብቶ ቀኑን ሙሉ ሲቆፍር ቢውል አልተሰማውም። ጫማውን ሲያወልቅ ነው ደሙን ያየው። ቁስሉ በአውራ ጣቱ ሥር ጀምሮ እስከ ውስጥ እግሩ አጋማሽ ሲደርስ አስካለች ሶዶ፣ ከመናኸሪያው በላይ ወዳለችው ባለ አንድ ክፍል ኪራይ ቤቷ አመጣችው። ስድስተኛ ክፍል የምትማረው ልጇ ቤቴል አልጋዋን ለቀቀችለት። እናትና ልጅ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግተው ያድራሉ።

ከአልጋው በላይ ግድግዳው ላይ የአስካለች የምስክር ወረቀት በመስታወት ተሰቅሏል። ሆስፒታሉ ውስጥ በማምከኛ ክፍል፣ ጎዝ የሚባለውን የቁስል ጨርቅ እየቆረጠችና እያጠፈች፣ የቀዶ ጥገና ጨርቅ እያጠበችና በእንፋሎት ማምከኛው በአውቶክሌቭ እያመከነች ስትሠራ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ካይዘን የሚባለው ሥልጠና የመጣ ጊዜ የክፍሉ ወለል በቀይና በቢጫ ቀለም ተሰመረ፣ ለመቀስ እንኳ ቦታው በቀለም ተለየ፣ ስለ ብክነት ሦስት ቀን ሙሉ ሲወራ ዋለ። በመጨረሻው ቀን ከመድረክ የተጠራችው እሷ ነበረች። የጎዝ ጥቅል ሲያልቅ የሚተርፈውን ቁርጥራጭ በከረጢት ታስቀምጥና በእረፍቷ ሰዓት እየሰፋች የመርፌ ቦታ መጫኛ ታደርገው እንደነበር አሠልጣኞቹ ማንም ሳይነግራቸው አይተው ኖሯል። «ብክነትን በመቀነስ ላሳዩት አርአያነት» ይላል ወረቀቱ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ጩማ «ይህን አንብቡ» ይላል፤ እሱ ራሱ አማርኛ ማንበብ አይችልም።

ጨርቁን የሰጣቸው ዶክተር አሮን ነው። የሆሳዕና ልጅ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ሲናገር የሰውን ፊት ሳይሆን የራሱን እጅ የሚያይ ዓይናፋር ሐኪም ነው። ያን ቀን ከካርቶን ውስጥ አሥራ ሁለት እሽግ ቆጥሮ ጠረጴዛው ላይ ደረደረና ለመሞከር ከውጭ የተላከ መሆኑን ነገራቸው። ጨርቁ ላይ ለዓይን የማይታይ፣ ሙጫ ብጤ ነገር ተቀብቶበታል። ሽፋኑ አንድ ዓይነት የኮረንቲ ጠባይ አለው፣ ጀርሞቹ ደግሞ የተቃራኒውን፤ ስለዚህ ይሳሳባሉ። ጀርሙ ጨርቁ ላይ ተለጥፎ ቆዳው ይቀደድና ይሞታል። ሥጋው ላይ ግን አይጣበቅም፣ ደም አያረጋም። አስካለች ይህን ወደ ወላይትኛ ስትመልስ ሽፋን የሚለው ላይ ትንሽ ተቸገረች፣ ኮረንቲው ላይ ግን አልተቸገረችም።

«ኮረንቲ?» አለ ጩማ። «መብራት ሲጠፋስ? በሳምንት አራት ቀን ነው የሚጠፋው።»

ዶክተሩ ትርጉሙን ሲሰማ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ አንዱን እሽግ ቀድዶ የመጀመሪያውን ጨርቅ ራሱ አሠረለት። በሦስት በሦስት ቀን እንዲቀየር፣ የወጣውም እንዲጣል ነገራት። በተቀየረ ቁጥር ምልክት የሚደረግበት አሥራ ሁለት መስመር ያለው ወረቀትም ሰጣት። ሠላሳ ስድስት ቀን። በዚያ ጊዜ ቁስሉ ከጠበበ እግሩ ተረፈ፤ ካልጠበበ መቁረጥ ሊመጣ ይችላል። ሌላ ጨርቅ እንዳለ ስትጠይቀው የለም አላት። የሚቀጥለው ካርቶን መምጣት አለመምጣቱ አይታወቅም።

በሦስተኛው ቀን ፈትታ ስታየው ዓይኗን አላመነችም። እብጠቱ ቀንሷል። መግሉ ደርቋል። በዳር በዳሩ እንደ ሕፃን ድድ ያለ ቀይ ሥጋ ብቅ ብሏል። ጨርቁንም ስታነሣው እንደ ቅጠል ተነሣ፣ ክር እንኳ አልተወም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጨርቅ ስትነካ ኖራ እንዲህ ያለ አይታ አታውቅም። ይጣል ያለውን ሰምታለች፤ ግን እንዴት ይጣላል? ለእሷ ነገሩ ግልጽ ነበር። ጨርቁ ጀርም ይይዛል ከተባለ፣ የያዘ ጨርቅ ታጥቦና ተቀቅሎ የያዘውን ይለቅቃል፤ ከዚያ እንደ አዲስ ይይዛል። ሥራዋ ይኸው ነው። ሐኪም ስለ ሥጋ ያውቃል እንጂ ስለ ጨርቅ ምን ያውቃል? ሠላሳ ስድስት ቀን ደግሞ ለእንዲህ ያለ ቁስል ምን አላት? ስትበዛ አምስት ሳምንት። ካርቶኑ ካልመጣስ? ስለዚህ ዶክተሩ በከፈተው ላይ አንድ ብቻ ጨምራ ከፈተች። አንዱ እግሩ ላይ ሲሆን ሌላው ይታጠባል። በሦስት ቀን ይለዋወጣሉ፣ እሷም ሳታዛንፍ ወረቀቱ ላይ ምልክት ታደርጋለች። አስሩን በፌስታል ጠቅልላ ቁምሳጥኑ ላይ፣ ከመጽሐፍ ቅዱሱ ጎን አስቀመጠቻቸው። ለሁለት ወር፣ ለሦስት ወር፣ እስኪድን። ሌሊት ስትባንን ቀና ብላ ታያቸውና ልቧ ያርፋል።

ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ቁስሉ ቆመ። አልባሰም፣ አልተሻለም። ከዚያ ሽታው መጣ። መጀመሪያ የቤቴል ካልሲ መስሏት አጠበችው። ቀጥሎ የጓሮው ቱቦ ነው አለች። በመጨረሻ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ በረኪናውን ጨመረች፣ መቀቀያውን ከአሥር ደቂቃ ወደ ሃያ አደረሰችው። ጩማ ፋሻውን ስትፈታ ፊቱን ወደ ግድግዳው፣ ወደዚያ ምስክር ወረቀት ያዞራል። ቤቴል የቤት ሥራዋን ደጃፍ ላይ መሥራት ጀመረች። ቤት ውስጥ ይጨልማል አለች፤ እናቷም አዎ፣ ይጨልማል አለቻት።

በዚያ ጠዋት የተተኮሰውን ጨርቅ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አስሩን እሽግም ከቁምሳጥኑ አውርዳ ጨመረቻቸው። ዶክተሩ እንዲያያቸው ፈልጋለች። ቀኑ አልቋል ሲላት፣ አላለቀም፣ ይኸው ብላ ጠረጴዛው ላይ ልትደረድርለት በልቧ ስትለማመደው ሰንብታለች።

ባጃጁ የሠፈሩን ኮረብታ ሲወርድ ጩማ የታሰረውን እግሩን በሁለት እጁ ወደ ላይ ይዞ ነበር። ሾፌሩ ሽታው ሲደርሰው አንገቱን ወደ ውጭ አወጣ። «መንገዱ አይመችም፣ አምስት አምስት ብር ትጨምራላችሁ» አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አስካለች አትለቀውም ነበር፤ አሁን ሳትከራከር ሰጠችው። ጩማ ዳሞታ ተራራን እያየ ነበር። ደመናው ከላዩ አልተነሣም።

«ጉኑኖ ዘንቧል» አለ። «ቦይናው ሊበሰብስ ነው። ቶማ ይነቅለው ይሆን?»

ቶማ ልጁ ነው። ለሥራ ወደ አርባ ምንጭ ሄዶ ስልኩን ካጠፋ ወር አልፎታል። ይህንንም ሁለቱ ያውቃሉ። አስካለች «ይነቅለዋል» አለች።

ዶክተር አሮን ፋሻውን ሲፈታ መጀመሪያ የተለወጠው ፊቱ አልነበረም፤ እጁ ነው የዘገየው። ጨርቁ ከሥጋው ጋር ተጣብቋል። ውኃ አፈሰሰበት፣ ጠበቀ፣ እንደገና አፈሰሰበት። ሲላቀቅ ጥቁር የሆነ ነገር ይዞ መጣ፤ ከሥሩ አጥንት ታየ።

«ይህ መጣበቅ አልነበረበትም» አለ ለራሱ። ጨርቁን በመቆንጠጫ አንሥቶ መብራቱ ላይ አየውና ቢጫው ባልዲ ውስጥ ጣለው። ከዚያ ወረቀቱን ጠየቃት። አሥራ ሁለቱም መስመር በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ቀኑ ሳይዘለል፣ በጥንቃቄ ተሞልቷል። ረጅም ጊዜ አየው።

«እትዬ አስካለች፣ እንዲህ የተሞላ ወረቀት አላጋጠመኝም» አለ። «እንግዲህ የአንቺ ጥፋት አይደለም። የማንም አይደለም። ለእሳቸው አልሠራም ማለት ነው።» እስክሪብቶውን አወጣ። «የስድስት በሽተኞች ወረቀት አብሮ ይላካል። ሠርቷል ከተባለ ሌላ ካርቶን ይልካሉ፤ አልሠራም ከተባለ እዚህ ላይ ያበቃል። እግሩ ግን ሊቆይ አይችልም። ነገ ጠዋት ከጉልበት በታች እንቆርጣለን። ካልሆነ ሕይወታቸውን ነው የምናጣው።»

ጩማ አማርኛ ብዙ አይሰማም፣ መቁረጥ የሚለውን ግን ያውቃል። ሸሚዙን ከአንገቱ በታች ቆለፈ።

አስካለች ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። የማንም ጥፋት አይደለም ተብሏል፤ ወረቀቱም ይህንኑ ይመሰክራል። የዶክተሩ እስክሪብቶ ወረቀቱን ሲነካ ግን እጇ ቀደማት። ፌስታሉን አወጣችና አስሩን እሽግ አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ አኖረቻቸው። ስትለማመደው እንደሰነበተችው፣ በሁለት መስመር፣ አምስት አምስት አድርጋ።

ዶክተሩ እሽጎቹን አየ። ወረቀቱን አየ። «ታዲያ ይህ ምልክት?»

«ቀይሬያለሁ። በየሦስት ቀኑ ቀይሬያለሁ፣ አልዋሸሁም። በሁለቱ ነው የቀየርኩት። እያጠብኩ… በበረኪና ነው የማጥበው፣ እቀቅለዋለሁ፣ እተኩሰዋለሁ። ንጹሕ ነው ዶክተር። የእኔ እጅ ንጹሕ መሆኑን ታውቃለህ።»

አልጮኸባትም። ቢጮኽባት ይሻላት ነበር። አንዱን እሽግ አነሣና ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሽ ምልክት በጣቱ አሳያት። በክብ ውስጥ ሁለት ቁጥር ተጽፋ በሰያፍ መስመር ተሰርዛለች።

«ሁለተኛ አይደገምም ማለት ነው» አለ።

«አይቼዋለሁ» አለች። «ስህተት ጽፈው የሰረዙት መስሎኝ ነበር።»

«በረኪናው ሽፋኑን በልቶታል። ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ እግራቸው ላይ የነበረው ተራ ጨርቅ ነው።» እጆቹን ማየት ጀመረ። «አትጠቢው ማለት ነበረብኝ። ይጣል ያልኩ ጊዜ የሚበቃ መስሎኝ ነው። ደግሞ አንቺ የዚህ ቤት ሰው ነሽ፣ ምን እነግራታለሁ ብዬ…»

«በአዲሱ በአዲሱ ባደርግለት ይድን ነበር?»

መልሱን ለማግኘት የፈለገ ይመስል ወረቀቱን ገለበጠው። ጀርባው ባዶ ነው።

«አላውቅም፣ እትዬ አስካለች። እውነቱን አላውቅም። የሚያውቅ ሰው አሁን አይገኝም።»

ከወረቀቱ ግርጌ የሆነውን ጽፎ አስፈረማት። ከዚያ አስሩን እሽግ ሰብስቦ ጊዜያቸው የሚያልፍበትን ቀን ተመለከተ። ሁለት ወር ይቀራቸዋል። ወደ መሳቢያው ከተታቸውና ሳያያት ተናገረ። «ከተቆረጠ በኋላ ለሚኖረው ቁስል እንጠቀምባቸዋለን። አስር ይበቃል።»

ጩማን በዊልቸር ወደ ተኝቶ መታከሚያው ወሰደችው። ስምንት አልጋ ያለበት ክፍል ነው፤ የእሱ በመስኮቱ በኩል ሆነ። አንሶላውን አነጠፈችለት፣ ትራሱን አገላበጠችለት፣ ጠርሙሱን ውኃ ሞላችለት፣ ከዚያ የምትሠራው አጣች። የአጠገቡ በሽተኛ ዘመዶች ፎሰሴ የሚባለውን የበቆሎና የጎመን ምግብ ይዘው መጥተው ዳጣውን ይቀባበላሉ፤ እንኩ፣ ቅመሱ አሏቸው። ጩማ ለነገ እንዳይበላ ተነግሮታል ብላ መለሰችላቸው። ለዛሬ ምሳ ግን የከለከለው አልነበረም።

«እስከ የት ነው?» አላት ጩማ።

ከጉልበቱ በታች በጣቷ አሳየችው። እሱም በራሱ ጣት ያንኑ ቦታ ነካው፣ እንጨት ሊቆርጥ የሚለካ ሰው ይመስል።

«ማሳው ተዳፋት ነው» አለ። በክራንች ተዳፋት ላይ እንዴት እንደሚቆፈር ሁለቱም ለአፍታ አሰቡት።

«እሻ፣ እኔ ነኝ» አለች። በወላይትኛ ሲሆን ቃሉ ይበልጥ ከበዳት። ጣይው እንደተባለች፣ እንዳልጣለች፣ እጥበቱ ምን እንዳደረገው፣ ሁሉንም ነገረችው። ስትጨርስ ቀና ብላ አላየችውም።

«ይጣል ማለቱን ሰምቻለሁ» አለ ጩማ። «ያቺን ያህል አማርኛ እሰማለሁ። ሽቦው ላይ ስታሰጪውም ከአልጋዬ ሆኜ በየቀኑ አይ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ልበል? ቤቱ ያንቺ ነው። የልጅሽን አልጋ ይዤ የምተኛው እኔ ነኝ። የሆስፒታል ሰው አንቺ ነሽ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ያንቺ ስም ነው። እኔ ስለ ዝንጅብል ብጠየቅ እናገራለሁ።» የሚያጽናናት ቃል ሲፈልግ ከፊቱ ላይ አየችው። «የቀሩትን ምን አለ?»

«ለተቆረጠው ቁስል ይሆናሉ አለ። አስር ይበቃል አለ።»

«ታዲያስ፣ ሚቼ!» አለ ጩማ፤ ፈገግ ለማለትም ሞከረ። «እንኳንም አስቀረሻቸው።»

የከሰዓት ፈረቃዋ ደርሶ ስለነበር ተነሣች። ጋዋኗን ለብሳ ወደ ማምከኛ ክፍሉ ገባች። ቀይዋን መስመር አልፋ እጇን ታጠበች። የሥራ ባልደረባዋ ጥሩዬ የነገውን የቀዶ ጥገና ዝርዝር ግድግዳው ላይ እየለጠፈች ነበር። ጥሩዬ ስትሠራም ስታርፍም የምታወራ ሴት ናት።

«ምነው ዘገየሽ? ነይ እስቲ፣ ነገ እግር አለ። ትልልቁን ጎዝ አብዢ፤ ባለፈው እግር ሲቆረጥ አንሷቸው በመሀል ጩኸት ነበር። ስንት አጠፍን ብዬ ልንገራቸው? ሃያ? ሠላሳ?»

«ሠላሳ» አለች አስካለች።

ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ጎዙን ቆረጠች፣ የተቆረጠውን ዳር ወደ ውስጥ መለሰች፣ እንደገና አጠፈች፣ አንድም ክር ወደ ውጭ እንዳይቀር በአውራ ጣቷ ዳበሰች። ክር ሥጋ ውስጥ ከቀረ ቁስል ያመረቅዛል፤ ይህን አዲስ ለሚቀጠሩት ሁሉ የምታስተምር እሷ ናት። አምስት አጠፈች። አሥር አጠፈች። ጥሩዬ ስለ ዘይት ወረፋ ታወራለች፤ የዝርዝሩን ስም አላነበበችም፣ ብታነብም ጩማ የሚባል በወላይታ ሞልቷል።

አሥራ አንደኛው ላይ እጇ ቆመ። ተነሥታ ቦርሳዋን ከሚስማሩ ላይ አወረደች፤ ጠዋት የተኮሰችውን ጨርቅ ከነወረቀቱ አወጣች። አራት ማዕዘኑን ይዞ፣ እጥፋቱ ሳይበላሽ፣ ነጭ እንደሆነ ነው። የሚቃጠል ቆሻሻ ወደሚጣልበት ባልዲ ሄደች። ክዳኑን በእግሯ ረግጣ ከፈተችው። እጇ ለአፍታ አልለቅ አላት፤ ከዚያ ለቀቀችው። ተመልሳ ተቀመጠችና አሥራ አንደኛውን ጎዝ አነሣች።

ጥሩዬ ወሬዋን አቋረጠች። ወደ ባልዲው ጎንበስ ብላ ጨርቁን በሁለት ጣቷ አወጣች፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አድርጋ ገላልጣ አየችው።

«አስካለች! ምን ነካሽ ዛሬ?» አለች። «ይህን የመሰለ ንጹሕ ጨርቅ ይጣላል? ያውም አንቺ!» በመዳፏ ዳበስ ዳበስ አድርጋ አቃናችው፣ እንደገና በልኩ አጠፈችው፣ በቢጫ ቀለም በተከለለው የቁርጥራጮች ቦታ ላይም በጥንቃቄ አስቀመጠችው።